ሁለት ምዝገባ በአንድ ግቢ

ከፊቷ አምስት ሰው ሲቀር ድርቤ ከኋላዋ ለቆመችው ልጅ ተራዋን ለቀቀችላት። እንዲህ ስታደርግ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ልጅቷ አመስግና አለፈች፤ ድርቤ የማትሪክ ሰርተፊኬቷን የያዘውን ፖስታ ከግራ ብብቷ ወደ ቀኝ አዛወረችው። የነሐሴ ዝናብ ግቢውን ስላጨቀየው ሰልፈኛው ሁሉ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳ ታክኮ ቆሟል።

ሰልፉ የመምህራን ማሠልጠኛ ምዝገባ ነው። እዚያው ነቀምቴ አንድ ዓመት ብቻ ይማራሉ፤ በየወሩ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ በዓመቱ ደመወዝተኛ ይሆናሉ። ችግሩ፣ መዝጋቢው ዋናውን ሰርተፊኬት ተቀብሎ ያስቀራል። ድርቤ ያመጣችው ሦስት ነጥብ አራት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። የዩኒቨርሲቲውን ፎርም እስከ ዓርብ ሞልታ ከዚሁ ሰርተፊኬት ጋር ለትምህርት ቤቷ ማስረከብ አለባት። ሰርተፊኬቱ አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ አይሰጥም።

ዩኒቨርሲቲ መግባት የማይፈልግ የለም። ግን አዲስ አበባ ከቤቱ በየወሩ ሃምሳ ብር የማይላክለት ተማሪ ዓመቱን አይጨርስም ሲባል ሰምታለች። ሃምሳ ብር ደግሞ ከየት ይመጣል?

እዚህ መቆሟን እህቷ ወርቂቱ አታውቅም። ወርቂቱ በአራት ዓመት ትበልጣታለች። አባታቸው ጆቴ አንገር ጉቲን የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ በወባ ሞተ። በዚያው ዓመት ድርቤ ስምንተኛን አልፋ ከአኖ ወደ ነቀምቴ መጣች። ወርቂቱ ያኔ አሥረኛን ጨርሳ ነበር። አኖ የቀረችው እናታቸው ሁለቱንም ማስተማር ስላልቻለች ወርቂቱ ትምህርቷን አቋረጠችና በጋሽ ፈድሉ የጨርቅና የሻንጣ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ሆነች። የተስማሙት ድርቤ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ወርቂቱ በማታው ክፍለ ጊዜ ከአሥራ አንደኛ እንድትቀጥል ነበር። ባለፈው ሳምንት ወርቂቱ ቁልፍ እየተከለች፣ ቀና ሳትል፣ ተመዝግቤአለሁ፣ መስከረም ላይ እጀምራለሁ ብላታለች።

ሰልፉ ትንሽ ተንፏቀቀ። ድርቤ ከቆመችበት አጠገብ ግድግዳው ላይ የማታ ተማሪዎች ስም ተለጥፏል። እጇም እግሯም አላርፍ ስላላት ማንበብ ጀመረች። አሥራ አንደኛ ክፍል። ከላይ ወደ ታች አነበበችው፤ ከታች ወደ ላይ ደገመችው። ወርቂቱ ጆቴ የሚል ስም የለም። ከዝርዝሩ ሥር፣ ምዝገባው ዛሬ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል ይላል።

ሰልፉን ትታ ወጣች።

ወርቂቱ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች አገኘቻት። ድርቤ ገና ሳትቀመጥ ስሟ እንደሌለ ነገረቻት። ወርቂቱ መጀመሪያ ዝርዝሩ አሮጌ ይሆናል አለች። ቀጥላ ለሚመጣው ዓመት አስተላልፌዋለሁ አለች። ከዚያ የመኪናውን መርገጫ አቆመችና ድርቤ እዚያ ግቢ ምን ልታደርግ እንደሄደች ጠየቀቻት።

«የማሠልጠኛው ሰልፍ ላይ ነበርኩ» አለች ድርቤ።

ጋሽ ፈድሉ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ከሱቁ ብቅ አሉ፤ የሁለቱን ፊት አይተው ተመልሰው ገቡ።

«ማስተማር ትወጃለሽ?» አለች ወርቂቱ።

«እኔ እንጃ።»

«እኔ ግን አውቃለሁ። የጎረቤት ልጆች ሲጮኹ እንኳ ደብተርሽን ይዘሽ ከቤት የምትወጪ ነሽ። ለኔ ብለሽ ከገባሽበት፣ ደመወዝሽን ባመጣሽ ቁጥር ዓይንሽን ማየት ያቅተኛል።»

«አንቺስ? ለኔ ብለሽ አይደል እዚህ የተቀመጥሽው? እኔ የአንቺን ዓይን እያየሁ አይደል የምኖረው?»

ወርቂቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ነገሩን አወጣችው። ለማታው ትምህርት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለሻንጣና ለካፖርት ጨርቅ ብላ ለጋሽ ፈድሉ ሰጥታለች። አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ የሚማሩትም የትልልቅ ሰዎች ልጆች ናቸው። እህቷ እቃዋን በካርቶን አስራ እነሱ መካከል እንድትገባ አትፈልግም።

ድርቤን መሄድ ብቻ ነበር ያማራት። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ተለውሶ፣ ጎረቤታቸው ጨመዳ ዘንድ ደረሰች። ጨመዳ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ጨርሶ ለክረምት መጥቷል፤ በአባቱ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ጣውላ ይልግ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ድርቤ? ምነው ፊትሽ?»

ሰላምታውን በአጭሩ መልሳ፣ እዚያ ለመኖር በወር ስንት እንደሚያስፈልግ እውነቱን እንዲነግራት ጠየቀችው። ጨመዳ መላጊያውን አስቀመጠ። ትምህርቱ፣ ምግቡና አልጋው በመንግሥት ነው አላት፤ ሲታመሙም ክሊኒክ አለ። መጽሐፍ ይዋሳሉ። ሃምሳ ብር የሚላክለት ተማሪ እንዳለ አልካደም። እሱ ግን ለሳሙና፣ ለደብተርና ለደብዳቤ መላላኪያ በወር አሥር ብር ይበቃዋል። እሱንም ቢሆን አንዳንዴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እየደረደረ ያገኛል፤ ያ ሥራ ግን ለሁሉም አይደርስም፣ አትመኪበት አላት። ሻንጣ ስትለው ሳቀ። እሱ የገባው በገመድ በታሰረ ካርቶን ነው፤ ካርቶኑ እስከዛሬ አልጋው ሥር አለ።

«ታዲያ የሚከብደው ምኑ ነው?»

ጨመዳ ልብሱ ላይ ያለውን ፍቅፋቂ አራገፈ። «ቤት መምጣቱ። የአውቶቡሱን ዋጋ እያሰብኩ ባለፈው ዓመት ክረምቱንም እዚያው ከረምኩ። እናቴ መታመሟን የሰማሁት ከዳነች በኋላ ነው። ይኼንን ማንም አይነግርሽም።»

ድርቤ አኖ ላይ ብቻዋን የቀረችውን እናቷን አሰበች። ማሠልጠኛው ቢሆን በየሳምንቱ ልታያት ትችላለች። ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሱቁን ትታ ወደ ሰልፉ ለመሄድ አስባ ነበር። ግን ሱቁ ጋ ደረሰች።

ጋሽ ፈድሉን ሻንጣውን መልሰው ወስደው ገንዘቡን ለወርቂቱ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። እሳቸው ወደ ወርቂቱ ተመለከቱ። ወርቂቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም።

ድርቤ ፖስታውን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለች። «አንቺ ዛሬ ከተመዘገብሽ ይኼን ይዤ አዲስ አበባ እገባለሁ። ካልተመዘገብሽ ማሠልጠኛው አሁንም እየተቀበለ ነው። እኔ ሄጄ የማታው ምዝገባ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ፖስታውን አንስታ ወጣች። ከኋላዋ ጋሽ ፈድሉ ወርቂቱን ሲያናግሯት ሰማች፤ ሻንጣው ይመለስ፣ ካፖርቱ ግን ይሰፋ፣ ብርዱስ እውነት ነው ሲሉ።

የማታውን ምዝገባ የሚያካሂዱት መምህር ገብረክርስቶስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ድርቤ በሩ ላይ ቆመች፤ ተቀመጠች፤ ተመልሳ ቆመች። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ማዶ የነበረው የማሠልጠኛ ሰልፍ ወደ ሦስት ሰው ወረደ። ከሦስቱ ሁለቱ ገብተው ወጡ። የድርቤ እግር ወደዚያ ሁለት እርምጃ ሄደ።

ወርቂቱ ያኔ መጣች፤ ቀሚሷ ላይ ክር ተንጠልጥሏል፣ የአሥረኛ ክፍል ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ድርቤን ሳታናግራት በአጠገቧ አልፋ መምህሩ ፊት ቆመች።

መምህር ገብረክርስቶስ ገንዘቡን ተቀብለው ደረሰኝ ቆረጡ። ስም ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ዕድሜና ሥራ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው።

«ተጠሪሽ ማን ነው?»

«ድርቤ ጆቴ። ታናሽ እህቴ ናት።»

«አድራሻዋ?»

ወርቂቱ ዞር ብላ አየቻት። ድርቤ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«እስከ ጥቅምት እዚሁ ነኝ» አለች። «ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ብለው ይጻፉት።»