የተሰበረው ሲንቄ

እንድሪስ ለተውኔት ንጉሥ ካባ ቀይ ጨርቅ ፍለጋ ከሁሴኖ ሱቅ ባይገባ ኖሮ፣ ሰኪና ይህን ሁሉ ጸጸት ከየት ታመጣው ነበር? እሱ ከወሎ ወደ አሰላ የተመደበ አስተማሪ፣ እሷ የባለሱቁ ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመቷ። ጨርቁን ስትለካለት ዓይን ለዓይን ተጋጩና አንድ ክንድ መረቀችለት።

ከዚያ ወዲያ ለክር፣ ለመርፌ፣ ለቁልፍ እያለ ተመላለሰ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለህ?»

«ንጉሡ ነዋ! አላስፈራ አለኝ።»

የሚያዘጋጀው ተውኔት የጥንት የባዕድ አገር ነው። አንዲት እናት ለምለም ቅርንጫፍ ይዛ የልጇን ነፍስ ትለምናለች። በዚያ አገር ቅርንጫፍ ይዞ የሚለምን አይነካም። ንጉሡ ግን ይሰብረዋል፤ ቤቱም በዚያው ጦስ ይፈርሳል።

«ያገሩ ሰው ይህን ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአሰላ ሰው ግን ቅርንጫፍ ቢሰበር ምን ገዶት?»

«ሲንቄ አድርገው» አለች ሰኪና። «እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው። ሴት ሲንቄ ይዛ ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም።»

ፊቱ በራ። «አንድ ታገኚልኛለሽ?»

ለጨዋታ እንደማይሆን ታውቃለች። ግን ያን የበራ ፊት ማጨለም አልሆነላትም። የእናቷን ሲንቄ ከጓዳ ደብቃ አወጣችለት።

ተውኔቱ በታየ ዕለት ንጉሥ የሆነው ተዋናይ ሲንቄውን በጉልበቱ ቀጨው። ከዚያ ሴቶቹ አንድ ባንድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። የሰኪና እናት ሀሊሜ መድረኩ ላይ ወጥታ ስባሪውን አነሳች። ቅቤ የጠጣውን እጀታ አወቀችው።

«ይህን ከቤቴ ማን አወጣው?»

ሰኪና አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን እምቢ አላት።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለ እንድሪስ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ሀሊሜ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ሰኪና አንገቷን ደፋች።

እንድሪስ ለምለም ሣር ይዞ ሽማግሌዎች ፊት ወደቀ፤ ሴቶቹም ማሩት። የትምህርት ቤቱ አለቆች ግን ጎበሳ ወደሚባል ሌላ ከተማ አዛወሩት። ሊሰናበታት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። አባቷ ስለነበሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት ሰኪና ለአቦምሳ እህል ነጋዴ ተዳረች። በሠርጓ ጠዋት ሀሊሜ አዲስ ሲንቄ ዘረጋችላት። ሰኪና ግን ወዲያው አልተቀበለችም።

«አዮ» አለች እናቷን፣ «ያኛውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የማስቀምጥበትን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትናገሪ ስጠብቅ። ላንቺ ብሎ ጥፋት የተሸከመ ወንድ! ያን ቀን አንዲት ቃል ብትተነፍሺ፣ የጎረቤት ሲንቄ ተውሼም ቢሆን አባትሽ ፊት ቆሜ ለሱ እድርሽ ነበር።»

ውጭ ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ። ሰኪና ሲንቄውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ወደ ሙሽራው ወጣች።