ሳይሰካ የተጣራው ቁልፍ

እኔ የማምነው በእግዚአብሔር ብቻ ነው። ቀትር ላይ ክፉ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ በዚያ ሰዓት የሚጠራሽ ድምፅ ብትሰሚ አቤት እንዳትይ እየተባልኩ ያደግሁ ብሆንም አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም፣ እንዲያውም ለሚፈሩት ሰዎች አዝን ነበር። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ሙቀቱ ነው እለው ነበር፣ ድሬዳዋ ነንና።

ልጄ ዳዊት ፕሮግራመር ነበር። ሥራው፣ እኔ እንደገባኝ፣ የሱቅ ደረሰኝ ማተሚያውን፣ የባርኮድ ማንበቢያውን፣ በገመድ የሚሰካውን ዕቃ ሁሉ ከኮምፒውተር ጋር ማግባባት ነው፣ "ሁለቱም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ እኔ አስተርጓሚያቸው ነኝ" ይለኝ ነበር። ከመልካ ጀብዱ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠና አንገቱ ተጎዳ። ተመስገን፣ ተረፈልኝ። ግን ከአንድ ጣቱ በቀር አካሉ አይታዘዝለትም፣ የሚተነፍሰውም ጉሮሮው ላይ በገባለት ቱቦ ስለሆነ ድምፅ የለውም።

መላ የዘየደልን የሥራ ባልደረባው ፉአድ ነው። ከታይዋን ገበያ በጣት የሚጫን ትልቅ ቀይ ቁልፍ ገዛ፣ ገመድ ቀጠለላትና ላፕቶፑ ላይ ሰካት። ስክሪኑ ላይ ፊደሎችና ጥቂት ቃላት አሉ፣ ብርሃን በየተራ ያልፍባቸዋል፣ ዳዊት የፈለገው ላይ ሲደርስ ቁልፏን በጣቱ ጫን ያደርጋል፣ ፊደል ከሆነ ይጻፋል፣ ቃል ከሆነ ላፕቶፑ ይናገራል። "ውሃ"፣ "አዙሩኝ" እያለ የሚናገረው በፉአድ ድምፅ ነው፣ ራሱ ቀድቶለታል።

የመጀመሪያው ቀን ዳዊት ፊደል በፊደል እየለቀመ "ድምፅህ ያስጠላል" ብሎ ጻፈለት።

"አቦ ተው! ሰው በነጻ አፍ ሲሰጥህ ታማርጣለህ?" አለ ፉአድ። ሳቅን፣ በቤታችን ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

አንድ ችግር ነበር። ዳዊት ሲተኛ ጣቱ በራሷ ትንቀሳቀሳለች፣ ላፕቶፑም ዝም ብሎ ይለፈልፋል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ፣ በቀትሩ ሙቀት ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ዳዊት እንቅልፍ ሲወስደው ገመዱን ነቅዬ ቁልፏን ከነገመዷ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ እከታታለሁ። ላፕቶፑ ዕቃ ሲነቀልበት ወደ ታች የሚወርድ፣ ሲሰካበት ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ አጭር ድምፅ ያሰማል። የዚያን ቀንም ነቀልኩ፣ እመኑኝ፣ የሚወርደውን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጓሮ ወጥቼ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ሰፈሩ ጭር ብሏል፣ የባጃጅ ድምፅ እንኳ የለም። ከቤት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ድምፅ ተሰማ። አንድ ነገር ተሰካ ማለት ነው።

"ፉአድ?" አልኩ። ኪሴን ዳሰስኩ፣ ቁልፏ አለች፣ ገመዷም እንደተጠቀለለ ነው። ያ ድምፅ ደገመ፣ አሁንም ደገመ፣ ልክ አንድ ሰው ቀዳዳውን በጨለማ እየዳበሰ እንደሚፈልግ። አማተብኩ። ያኔ ላፕቶፑ "እማዬ" አለ።

ሮጥኩ። የዳዊት ከንፈር ጠቁሯል፣ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ቱቦው በአክታ ተዘግቷል። ሐኪሞቹ እንዳሳዩኝ የውስጡን ቱቦ መዝዤ አወጣሁት፣ አየሩ እያፏጨ ገባ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ተንበርክኬ አለቀስኩ። ስክሪኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብርሃኑ ቆሟል፣ የቆመውም ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ሲረጋጋ ቁልፏን ሰካሁለትና "እንኳን ጠራኸኝ ልጄ" አልኩት።

"አልጠራሁሽም" ብሎ ጻፈ።

ወደ ማታ ፉአድ ሲመጣ ላፕቶፑ ቁልፏ ሳትሰካ እንደተናገረ ነገርኩት። "አቦ ማዘር፣ ላፕቶፕ አንዳንዴ ያብዳል፣ ሳይሰኩበት የተሰካበት ይመስለዋል፣ ሙቀቱም አለ" ብሎ ሳቀ። "ለመሆኑ ምን አለሽ? ውሃ?"

"እማዬ አለኝ።"

ሳቁን አቆመ። ዳዊትን አየው፣ ዳዊትም አየው።

"ማዘር፣ እሱን ቃል አልቀዳሁትም። ልቀዳው ስል ዳዊት እንቢ አለ፣ እሷን በገዛ አፌ ነው የምጠራት ብሎ ጻፈልኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በማን ድምፅ ነበር?" አለኝ።

አላውቅም። ከመሮጤ በፊት የሰማሁትን ያን አንድ ቃል ዛሬም ላስታውሰው እሞክራለሁ፣ ቃሉ ይመጣልኛል፣ ድምፁ አይመጣም።

ፉአድ ላፕቶፑን ፈትሾ ጥፋት አላገኘበትም። የንስሐ አባቴም ልጅሽ ተርፏል፣ መልካሙን አስቢ አሉኝ። አስባለሁ። ተመስገን ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ገመዱን ልነቅል ስል ዳዊት ዓይኑን ገለጠ። ጣቱ መሥራት ጀመረች፣ ጠበቅኩት። "ደግሞ ቢጠራሽ አትምጪ" ብሎ ጻፈ።

ለእኔ ፈርቶ ይሁን፣ ወይስ መኖር ታክቶት፣ አልጠየቅሁትም። ገመዱን ነቀልኩ፣ የተዘፈዘፈውን ልብስ ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቀትር ቀትር አጠገቡ ነኝ። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግን እንደማይተኛ አውቃለሁ፣ ሁለታችንም እናዳምጣለን።