ያልተነሡት ተሳፋሪ

አውሮፕላኑ መሬት እንደነካ፣ ያው እንደ ልማዱ፣ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። «ቀበቶዎን አይፍቱ» ቢባል ማን ሰምቶ! በሩ ሳይከፈት አንዱ ሻንጣ ያወርዳል፣ ሌላው አንገቱን አጣሞ በሰው ብብት ሥር ይቆማል፤ ቀድሞ ለወረደ ሽልማት ያለው ይመስል። ያልተነሡት በመተላለፊያው በኩል የተቀመጡት ሀብታም ነጋዴ ብቻ ነበሩ። አስተናጋጇ «ጌታዬ፣ ደርሰናል» ብላ ትከሻቸውን ስትነካ ራሳቸው ደረታቸው ላይ ዘፍ አለ። እጃቸው በረዶ ሆኗል።

ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሐኪም ቀርቦ አያቸው። «የልብ ነገር አይመስለኝም፤ መርዝ ነው» አለ።

አስተናጋጇ የነካቻቸውን እጇን ሰበሰበች። ከምሳው ጋር የቲማቲም ጭማቂ፣ አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊትም ውሃ ያስቀመጠችላቸው እሷ ናት። ይባስ ብሎ፣ ትራሱ ሳሳ፣ ጭማቂው ሞቀ እያሉ በሰው ፊት ሲያዋርዷት «ድፍት ይበል!» ስትል ተሰምታለች። ምን ዓይነት ቀን ነው! ወኅኒ ቤቱ ገና ካሁኑ ታያት።

ሌላው ሰው ወርዶ ሲያልቅ መርማሪዋ ገቡ፤ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። የጠበቋቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ አስተናጋጇ፣ በመስኮቱ በኩል ከሟቹ ጎን የተቀመጠው የወንድማቸው ልጅ፣ ከፊታቸው ተቀምጦ የነበረ መምህርም።

«አጎትህ መጨረሻ ያናገሩህ መቼ ነው?»

«ቁልቁል ስንወርድ!» አለ የወንድም ልጅ። «ጆሮዬን ደፈነኝ አሉኝ። ዓይናቸውን ሳይከድኑ ስናወጋ ነው የመጣነው። የእሷን ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው ጸጥ ያሉት። እሷ ናት የገደለችብኝ!»

መምህሩ ወገቡን እያሸ ቀጠለ። «ወንበሬን ባጋደልኩ ቁጥር በጉልበታቸው ሲደቁሱኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ባጋድል ዝም። ጸሎቴ ሰመረ ብዬ ለጥ አልኩ። አይ ሞኝነቴ!»



«አይዞሽ ልጄ፤ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ» አሏት መርማሪዋ አስተናጋጇን።

«ይሄ ልጅ ከምሳ በፊት ሁለቴ ሽንት ቤት ሲሄድ አጎቱን አስነሥቶ ነው። ሲቆጡት ሰምቻለሁ። ከምሳ በኋላ ግን ጫማውን አውልቆ፣ የወንበሩን ክንድ ረግጦ፣ ተራምዷቸው ወጣ። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ እትዬ።»

መርማሪዋ የሽንት ቤቱን ቆሻሻ አስፈተሹ፣ አንድ ስልክም ደወሉ። ከዚያ ሦስቱን በሟቹ ወንበር ዙሪያ ሰበሰቡ። 

«እኚህ ሰው ወንበር ተጋድሎባቸው ዝም የሚሉት» አሉ መርማሪዋ፣ «ሲሞቱ ወይም ራሳቸውን ሲስቱ ነው። ስለዚህ የጎዳቸው ከምሳው ጋር የጠጡት ጭማቂ እንጂ ውሃው አይደለም።»

«ጭማቂውንም ያመጣችው እሷ ናት!» አለ የወንድም ልጅ።

«እሷ ናት። ግን ነቅቶ የሚያወጋህን አጎት "እስቲ ያሳልፉኝ" ትለዋለህ እንጂ እንደ ቦይ ትሻገረዋለህ? ተኝተው ነበር ብትል ባመንኩህ። አንተ ግን በውሃው ልታላክክ ስትል ነቅተው ነበር አልክ። እንደማይነሡ ታውቅ ነበር።»

«ሽንቴ ወጥሮኝ...»

«የወጠረህ ይሄ ነው።» ትንሽ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አሳዩት። «መርዙን ጭማቂያቸው ላይ ያንጠባጠብከው በዚህ ነው፤ ከሽንት ቤቱ ቆሻሻ ተገኘ። በተነሣችሁበት ከተማ ያለው ፈታሽ አስታውሶሃል፤ "ዓይኔን ያመኛል" ብለህ ለምነኸው ነው ያሳለፈህ።»

«የእኔን የጥርስ ሳሙና ቀምተው ይሄን አሳለፉት?» ብሎ መምህሩ ጮኸ።

የወንድም ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። «አሥራ አምስት ዓመት አገለገልኳቸው» አለ በመጨረሻ፤ «ሱቁን ግን ለአማቻቸው ሊሰጡ!» ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ።

አስተናጋጇ እፎይ ማለት ሲገባት መርማሪዋን እጃቸውን ያዘች። «እትዬ፣ ሲራመዳቸው ሄጄ ብቀሰቅሳቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር? ስድባቸውን ፈርቼ እኮ ነው የተውኳቸው።»

መርማሪዋ እጇን መልሰው ጨበጡ። «አላውቅም፣ ልጄ» አሏት።

ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ናት። ተሳፋሪ እንቅልፍ ሲወስደው ትከሻውን ነካ ታደርግና «ጌታዬ፣ ተኝተዋል እንዴ?» ትላለች። ሰውዬው ብንን ይልና «ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ተኝቼ ነበር እኮ!» ብሎ ይጮኽባታል። እሷም «ይቅርታ» ትልና፣ ስድቡን እስኪጨርስ ድረስ ቆማ ታዳምጠዋለች።