ለነፍሰ ጡሯ የተቀመጠው በሶ

መካኒኩ ሽፈራው ዓርብ ጠዋት በተከራያት የጓሮ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሰውየው በሕይወት ሳለ ሰላምታው እንኳ ከሦስት ግቢ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ሲሞት ግን ማንም አልሰማውም። ከአልጋው ወርዶ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። የመርሳ ከተማ በታጣቂዎች ከተያዘች ወዲህ በጥይት መሞትን ለምዳለች። ይህ ግን ጥይት የሌለው ሞት ነበርና ሰፈሩን በእጥፍ አስፈራው።

አከራዩ እማማ እልፍነሽ ኡኡ አላሉም፤ ኡኡታ ታጣቂ ይጠራል። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ወደ ጎረቤት ሮጡ፤ ወደ ሽንኩርት ነጋዴዋ።

ሽንኩርት ነጋዴዋ አበበች ትባላለች። ወልድያ ስትያዝ በእግሯ ወጥታ ወደ ደሴ ስትገሰግስ መርሳ ላይ መንገዱ ተዘጋባትና ዘመዷ ቤት ቀረች። ለጠየቃት ሁሉ «ወልድያ ሽንኩርት እሸጣለሁ» ትላለች። ሰፈሩም ሽንኩርት ስትከትፍ እስኪያያት ድረስ አምኗት ነበር። እማማ እልፍነሽ ግን እውነቱን ያውቃሉ፤ የደንብ ልብሷን ከጓሮ ዘይቱን ዛፍ ስር አብረዋት የቀበሩት እሳቸው ናቸው። አበበች ዕድሜዋን ሙሉ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ከታወቀች ትወሰዳለች።

«ነይልኝ እህቴ» አሏት። «የሞተውስ ሞተ። ቤዛዊት ልትሞትብኝ ነው!»

ቤዛዊት የበኩር ልጃቸው የኤፍሬም ሚስት ናት። ኤፍሬም ሚኒባሱን ይዞ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም፤ ስልክም የለም። እሷ መውለጃ ወሯ ገብቷል። የሽፈራውን ሞት ከሰማችበት ደቂቃ ጀምሮ ግን አፏን ዘጋች፤ እህል አልቀምስም አለች። ጤና ጣቢያው ባዶ ነው። ጉሉኮስ የሚሰቅልላት ቀርቶ ልብ ምቷን የሚያዳምጥ የለም።

አበበች መጀመሪያ ወደ ሬሳው ገባች። ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች፤ ጺሙ ላይ ነጣ ያለ ነገር ደርቋል። በጥፍሯ ፈቅፍቃ አሸተተችና ቀና አለች።

«ነጭ ሽንኩርት ከየት አገኘ?»

«ነጋዴዋስ አንቺ!» አሉ እማማ እልፍነሽ በዚያ ጭንቀት መሐል። «እኔማ መልኩንም ረስቼዋለሁ።»

«በሶ በወተት በልቷል። ሳህኑ የታለ?»

ክፍሉ ውስጥ የመኪና ዕቃ እንጂ ሳህን አልነበረም። የእማማ እልፍነሽ ታናሽ ልጅ አበባው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ሬሳውን ሊያጥብ የመጣው እሱ ነበር። 

ቤዛዊት ዋናው ቤት ውስጥ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አበበች አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ ብይ አልልሽም» አለቻት። «የሚልሽ ሞልቷል። ትናንት ማታ ምን ቀረበልሽ?»

«በሶ። እማ በወተት ለወሱልኝ።»

«በላሽው?»

«አልበላሁም። ጾም ነው ብዬ ተውኩት።»

«ትናንት እኮ ሐሙስ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

ቤዛዊት ፊቷን አዞረች። አበበች ጎንበስ ብላ ከአልጋው ስር ነጭ ሳህን ሳበች። ውስጡ ታጥቧል። ገልብጣ ስታየው ከቂጡ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል፤ ጥቁር፣ የግራሶ አሻራ። ውሃ በጭልፋ በሚሰፈርበት ሰሞን የሳህን ቂጥ ማን ያጥባል?

«በዚህ ቤት ጣቱ ግራሶ የሆነ አንድ ሰው ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ቤዛዊት ሁሉንም ዘረገፈች።

«እናቴ ናት… ውርጌሳ ያለችው። ነፍሰ ጡር ነጭ ነገር አትቅመስ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ልጁ ላይ ይለጠፋል ብላኛለች። የእህቴን ልጅ አይቼዋለሁ፤ ነጭ ተለጥፎበት ነው የተወለደው። እማ ደግሞ ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነው የሚሰጡኝ፤ እንዴት እንቢ ልበላቸው? ሲያመጡልኝ በጓሮ መስኮት ለሽፈራው አቀብለዋለሁ፤ በልቶ ሳህኑን ይመልስልኛል።»

«ከዚህ በፊትም?»

«ወተቱን ሁልጊዜ። 'ይህ ልጅ ሳይወለድ ያስተዳድረኛል፤ ሲወለድ መንጃ ፈቃድ አወጣለታለሁ' ይለኝ ነበር።» ሳቅ የመሰለ ነገር ወጥቷት ወዲያው ለቅሶ ሆነ። «ሳህኑ የኔ ነበር፣ እትዬ። ድርሻው የኔ ነበር። ሊገድሉ ያሰቡት እኔን ነው! ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እጎርሳለሁ?»

አበበች ወደ ውጭ ስትወጣ 'ሽፈራውን ወተት ገደለው' የሚለው ወሬ ቀድሟታል። ወተቱ የሚመጣው ከጎረቤት ከሙሄዲን ነው፤ ሙሄዲን ደግሞ ከሽፈራው ጋር በቅርቡ ተጣልቷል። ጎረምሶች የሙሄዲን አጥር ስር ዱላ ተደግፈው ቆመዋል። ታጣቂ ሲመጣ አልጋ ስር የሚገቡት እነዚሁ ጎረምሶች ናቸው፤ ለሙሄዲን ግን ጀግና ሆነዋል።

«ጋሼ ሙሄዲን፣ ለምን ተጣላችሁ?»

«የውሃ ፓምፔን ታጣቂዎች ወሰዱብኝ። ጠቋሚው እሱ ነው አልኩ፤ መኪናቸውን ይጠግን የለ? በኋላ ስሰማ ለካ በሰደፍ እየነዱ ነው የሚያስጠግኑት።» አይኑን አሸ። «ሰድቤዋለሁ፣ አልዋሽም። በፊቱ ነው የሰደብኩት ግን፤ በወተት አይደለም። ወላሂ፣ ለእርጉዝ በምሰጠው ወተት?»

«ከዚያ ላም ሌላ ማን ይጠጣል?»

«ልጆቼ ናቸዋ! ያው እየተሯሯጡ።»

ቀጥሎ ጓዳ ገባች። እማማ እልፍነሽ ጥሬ ፓፓያ ቀቅለው ያቀርባሉ፤ መርሳ ሌላው ቢጠፋ ፓፓያ አልጠፋባትም።

«ይህን ነው የምትበሉት?»

«እኔና አበባው። ለሷ ይህን አላቀምሳት፤ ጥሬ ፓፓያ ማኅፀን ያስለቅቃል። ተልባም፣ ሰናፍጭም ከለከልኳት። ለሷ ብዬ ነው ያን ጀሪካን ያወጣሁት። ወልድያ ላይ መድፍ ሲያጓራ ገብስ ቆልቼ በጀሪካን ሞላሁ፤ ተቆልቶ ከተቀመጠ ታጣቂ የሚጠራ ጭስ አይፈልግም ብዬ። አበባው ከእንጨቱ ክምር ስር ቀበረው። ሐሙስ ዕለት ገና መክፈቴ ነው።»

«የት ፈጩት?»

«እዚሁ፣ በር ዘግቼ። የመጅ ድምፅ ውጭ ከተሰማ እህል አላት ይባላል። ጨለማ ነው፤ በዳበሳ ነው የፈጨሁት። ጠጠር ቢጤ ነበረበት፤ ግን ወዲያው አመድ ሆነልኝ።»

«ከዚያስ ደህና አደሩ?»

«የት! ምች መታኝ። ራሴን ፈለጠኝ፣ አስመለሰኝ።»

«በሶው ያምራል ብለው አልቀመሱም?»

«የነፍሰ ጡር ድርሻ እቀምሳለሁ እንዴ!»

«እስቲ የተረፈውን ያሳዩኝ።»

እማማ እልፍነሽ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱ። የበሶው ከረጢት የለም። ጀሪካኑም የለም። «ሌባ!» አሉና ቁጭ አሉ። አበበች መደርደሪያውን አየች። ዘይቱ አለ፤ ጨውም አለ። በዚህ ረኃብ በሶ ሰርቆ ዘይት የሚተው ሌባ መርሳ ውስጥ አልተወለደም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽፈራው ያለ ድንኳን፣ ያለ ሙሾ፣ በጥድፊያ ከተቀበረ በኋላ፣ ሁሉንም ዋናው ቤት ሰበሰበቻቸው። ቤዛዊት ከአልጋዋ መነሳት አቅቷት ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ብላለች። ሙሄዲን የወተት ቅሉን ይዞ መጣ፤ ጎረምሶቹ በሩን ሞሉት።

«ከሳህኑ ልጀምር» አለች አበበች። «ሽፈራውን የገደለው የቤዛዊት ሳህን ነው። በወግ ምክንያት ወተት አትቀምስም፤ ለሱ አቀበለችው። እማማ፣ አይቆጧት። ወጓ ነው ያተረፋት።»

እማማ እልፍነሽ ዞረው ምራታቸውን አዩ።

«አንደኛ ተጠርጣሪ ወተቱ ነበር። ሽፈራው ግን ያንኑ ወተት ሲጠጣ ነው የከረመው፤ የሙሄዲን ልጆችም ይጠጡታል። ስለዚህ እናንተ በር ላይ ያላችሁ፣ ዱላችሁን ለከብት አድርጉት።»

አንዱ ጎረምሳ ዱላውን ከኋላው ደበቀ።

«የቀረው በሶው ነው። ሬሳው ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ነጭ ሽንኩርት በሌለበት አገር ይህን ሽታ ከዚህ በፊት አንድ ቦታ አውቀዋለሁ፤ ወልድያ፣ አንዲት ልጅ የነቀዝ ክኒን ውጣ በሞተችበት ቤት። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ነው የሚገድለው። በተዘጋ ጓዳ የፈጨውንም ሰው ራሱን ይፈልጠዋል፤ ያስመልሰዋል።»

«ምች…» አሉ እማማ እልፍነሽ በሹክሹክታ።

«ምች አይደለም። ያ አመድ የሆነው ጠጠርም ጠጠር አይደለም። ግን የተቆላ ገብስ ውስጥ ማን የነቀዝ ክኒን ይጨምራል? መቆላቱን የማያውቅ ሰው። ከዚያ ደግሞ ሌባ መጣና ዘይት ትቶ በሶ ወሰደ። ይህ ሌባ ሊበላው ሳይሆን ማንም እንዳይበላው ነው የወሰደው። ሽታውን ያወቀው ሬሳ ሊያጥብ ሲመጣ ነው።» ዞር አለች። «አበባው፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ።»

አወጣው። ጥፍሩ ስር እርጥብ አፈር ነበር።

«ጥሬ እህል መስሎኝ ጀሪካኑ ውስጥ ጨመርኩ፣ እንደየዓመቱ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ተሰበረ። «በጨርቅ እንድቋጥረው ጊዜ አልነበረኝም፤ ጥይቱ ይንጣጣል። እማ እንደ ወትሮው ጸሐይ ላይ አስጥተው፣ ለቅመው ያወጡታል ብዬ…»

«ምን ብዬ ላስጣ!» ጮኹ እናቱ። «ግቢ ውስጥ እህል ዘርግቼ ኑ ውሰዱ ልበላቸው?» ከዚያ የገዛ እጃቸውን አዩ። «እኔ ነኝ የፈጨሁት። እኔ ነኝ… ለልጄ ልጅ ነበር እኮ ያቀረብኩት!»

«ይህን እንዳይሰሙ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ አበባው። «ወስጄ ቀበርኩት። ዳግም ማንንም አይነካም።»

«ነክቷል እንጂ» አለች አበበች፤ አሁን ድምፏ የሽንኩርት ነጋዴ አልነበረም። «እናትህን ልታድን ዝም አልክ። በዝምታህ ሙሄዲን ሊደበደብ ነበር፤ ይህች ልጅ ደግሞ ገዳይ አለ ብላ ከነልጇ በረኃብ ልትሞት ነው። የሚገድላት ሰው እንደሌለ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ!»

አበባው መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አላነሳውም። የዚያ ቤት የመጨረሻ እህል ያ ጀሪካን ነበር፤ እሱም አፈር ውስጥ ገባ።

ሙሄዲን ቅሉን ከፈተ። «ቢስሚላህ» ብሎ አንድ ጊዜ ተጎነጨና አፉን ጠርጎ ለእማማ እልፍነሽ ሰጣቸው። እሳቸውም ቀድተው አልጋው ስር ተንበረከኩ።

«አፈር ስሆን…» ብለው ጀመሩ፤ አፈር በሚለው ቃል ላይ አቆሙ።  ኩባያውን ብቻ ወደ ቤዛዊት አስጠጉ።

ቤዛዊት ወተቱን አየችው። ነጭ ነው። የእናቷ ቃል አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ እናቷ ግን ውርጌሳ ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም።

«ይለጠፍበት» አለች። «ይለጠፍበት፣ እማ። ብቻ ይወለድልኝ፤ አጥበዋለሁ።»

ጠጣች። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ መስመር ቀረ፤ ልክ እንደ ሽፈራው ጺም። ማንም አልጠረገላትም። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ የሷን ትንፋሽ ያዳምጣል።  ከዚያ ቤዛዊት ድንገት እጇን ሆዷ ላይ ጫነች፤ አይኗ ፈጠጠ፤ እማማ እልፍነሽም «ወየው!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ረገጠኝ» አለች ቤዛዊት።

ኩባያውን መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ጨምሩልኝ።»