ቅጠሉ የተጠቀለለ ዕለት

አቶ ጫኔ የሞቱት በገዛ ጓሯቸው ነው። ማምሻውን አበቦቻቸውን ከብርድ ሊሸፍኑ ወጡ፤ ጠዋት ከአግዳሚው ሥር ደርቀው ተገኙ። ጓሮው በግንብ የታጠረ ነው፤ መውጫው ወደ ቤቱ የሚያስገባ አንድ በር፣ እሱም ከቤት ውስጥ በኩል ተቀርቅሯል። ከጄኔቭ ፖሊስ የተላከችው መርማሪ ፈትለወርቅ ኦ ቪቭ ሰፈር ካለው ቤታቸው ስትደርስ መጀመሪያ የቆመችው ሳሎኑ መስኮት ላይ ነበር። ከመስኮቱ ፊት ካለው ቁጥቋጦ ባሻገር አስከሬኑ ወለል ብሎ ይታያል።

ቤቱ ውስጥ ያደሩት ሦስት ናቸው። የሟች እኅት ወይዘሮ የሺመቤት ታመው ፎቅ ላይ ተኝተዋል።

«በሩን የምትዘጋው ሠራተኛዋ ናት። ሌላ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?» አሉ።

ሠራተኛዋ ዝናሽ ግን እንዲህ አለች። «ከሥር ምድር ቤት በሚጮኸው ማሽን ልብስ ሳጥብ ቆይቼ ስወጣ ተቀርቅሮ አገኘሁት። ጋሼ ገብተው የተኙ መስሎኝ።»

የሟች የወንድም ልጅ ፊሊጶስ ደግሞ «ሳሎን ነበርኩ፤ ማንንም አላየሁም» አለ። አጭር ውሸት ጭራ ስለሌለው ለመያዝ ያስቸግራል። የፈትለወርቅ አለቃም ዝናሽን ለማሰር ቸኩሏል። ያቺ ምስኪን ብትታሰር በዚህ አገር ማን ይጠይቃታል?

ደግነቱ ለቅሶ አለ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ «እንዴት ሆነው ሞቱ?» ይላል፤ ሐዘንተኛውም ለመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ይተርካል። ፈትለወርቅ ጥግ ይዛ ታዳምጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ላላ አለ። ፊሊጶስ ከዙሪክ ለመጡ እንግዶች ሲተርክ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየና ጨመረበት።

«በመስኮት አይቼ ነበር እኮ! የጓሮው መብራትም በርቶ ነበር። ያ ቁጥቋጦ ግን አግዳሚውን ጋርዶታል፤ እንዴት ልያቸው?»

ፈትለወርቅ ተነስታ ወጣች። ከቁጥቋጦው አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ከተተችው። እንግዶቹ ሲሸኙ ሦስቱን ሰብስባ ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች እንደ ሲጋራ ተጠቅልለው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል።

«ሮዶዳንድሮን ይባላል። በብርድም ቅጠሉን አያረግፍም። ውርጭ ሲነካው ግን፣ ተቆርጦም ቢሆን፣ ቅጠሉን እንዲህ ይጠቀልላል። ሲሞቀው መልሶ ይዘረጋል። እዩት።»

ቅጠሎቹ እዚያው በቀስታ ይፈቱ ጀመር።

«ፊሊጶስ፣ አንተ የተረክኸው የዛሬውን ቁጥቋጦ ነው። ያን ዕለት ግን ውርጭ ነበር፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ስለነበር ምንም የሚጋርድህ አልነበረም። ዝናሽ ምድር ቤት፣ እትዬ አልጋ ላይ ናቸው። በሩ አጠገብ፣ ሳሎን የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ቀርቅረህ ቆመህ አየሃቸው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ደረታቸውን መቱ። ፊሊጶስ አንገቱን ደፋ።

«ሥራ ጠልተሃል፣ ነገ ከቤቴ ውጣ አሉኝ። ትንሽ ይብረዳቸውና ይለምኑኝ ብዬ ነው። እኔን ግን አልለመኑኝም።»

«ዝም አሉ?» አለች ዝናሽ።

«አላሉም። እስኪወድቁ ድረስ አንቺን ነበር የሚጠሩት።»

ዝናሽ ተነሳች። ወደ ጓሮው በር ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበችና ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አቤት፣ ጋሼ!» አለች ጮኻ።