ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር የመጣ ሰላምታ

ታንቲ ዩላሊን ያጣናት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ።

ተረት አይደለም። እኔ ነበርኩ፣ አንድ እንግዳም ነበረ። አልጠጣንም፣ አላበድንም። ፖሊሶች ከዋናው ደሴት መጥተው ከወጥ ቤቱ ሥር ያለውን የውሃ ጉድጓድ እስከ ታች አስመጥጠውታል። ምንም አልተገኘም።

ወደ ደሴታችን ወደ ፔቲ ኮራይ ልትመጡ ያሰባችሁ ሰዎች ዛሬም ትጽፉልኛላችሁ። ጀልባው መቼ ይነሳል? ባንክ አለ? ውሃው ይጠጣል? ኮረብታው ላይ ባለው የታንቲ ቤት አልጋ ይገኛል?

አይገኝም። ለምን እንደማይገኝ አንዴ ልንገራችሁና ይብቃኝ።

ስሜ ጆዜል ነው። ታንቲ ዩላሊ አክስቴ ናት። እሷ እንግዳ ታሳድር ነበር፤ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ ወዲህ እንግዶቿን ከወደቡ እየተቀበልኩ አመጣላት ነበር።

ሚስተር አልደን የመጣው በድርቁ ወራት መጨረሻ ነው። ረጅም፣ ጨዋ፣ ጡረታ የወጣ የካናዳ ሰው። ሻንጣውን መኪና ላይ ሳይጭን ለሁሉም የምለውን አልኩት።

"ባንክ የለም። ጀልባው ዓርብ ጠዋት ይነሳል፤ ባሕሩ ከተቆጣ አይነሳም። ሱቆች በቀትር ይዘጋሉ። ውሃችን የዝናብ ነው። ከጣሪያ ወርዶ ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር ባለ የግንብ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ስለዚህ ገላዎን ቶሎ ታጥበው ይውጡ።"

"ሌላስ?"

"ሰላምታ። እዚህ 'እንደምን አደራችሁ' ሳይሉ ምንም ነገር አይጠይቁ። ሰላም ያለዎትን ሰው ዝም ብለው ካለፉ ዳቦ እንኳ የሚሸጥልዎ የለም።"

ሳቀ። "ይሄስ አያቅተኝም።"

ታንቲ በር ላይ ተቀብላው የራሷን ጨመረች።

"ሚስተር አልደን፣ ፊቱን ላላየኸው ድምፅ ግን አትመልስ። 'ቤቶች!' የሚል ካለ መጀመሪያ በመስኮት እይ።"

"ታንቲ፣ ሰውየው ለእረፍት ነው የመጣው" አልኳት።

"ለእረፍት የመጣ ሰው ጆሮ የለውም?"

ታንቲን ማወቅ አለባችሁ። ሰውን ሰላም ሳትል አልፋ አታውቅም። ከተጣላቻቸው ሰዎች ጋር እንኳ ፊቷን አጥቁራ "እንደምን ዋልሽ" ትባባላለች። በመቃብር ስናልፍ መኪናውን አስቁማኝ ለሙታኑ ሰላምታ ትሰጣለች። እኔ ጥሩምባ እየነፋሁ ስቸኩል "እነሱም ቸኩለው ነበር" ትለኛለች።

ባሏ አጎቴ ሬጂስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከባሕር ሲመለስ በገዛ ቤቱ አጥር ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ይጣራል።

"ቤቶች! ለአንድ ረሃብተኛ ቦታ አለ?"

"እንደ ረሃብተኛው ነው!" ትለዋለች ከውስጥ። ያን ጊዜ ይገባል።

እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ጠዋት ወጥመዶቹን ሊያወጣ ሄደ። እሱም ጀልባውም አልተመለሱም። ታንቲ ከዚያ ወዲህ የአጥሩን በር ቆልፋ አታውቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ...

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሚስተር አልደን የካካዎ ሻዩን ቀምሶ አስቀመጠው።

"እዚህ ሻይ ጨው ይገባበታል?"

ቀመስኩት። እውነትም ጨው ነው። የባሕር ጨው። ቤታችን ኮረብታ አናት ላይ ነው፤ ባሕሩ ከታች፣ ሩቅ ነው።

"ደግሞስ ምድር ቤት ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? ትሑት ሰው ነው" አለ ቂጣውን እየቆረሰ።

ታንቲ ማንኪያዋን አቆመች።

"ማን?"

"ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከታች 'እንደምን አደርክ' አለኝ። እኔም 'እንደምን አደርክ' አልኩት። እንደ ነገራችሁኝ።"

ምድር ቤት የለንም። ከወለሉ ሥር ያለው ጉድጓዱ ብቻ ነው።

ታንቲ ተነስታ የጉድጓዱ የእንጨት ክዳን ላይ ትልቁን የድንጋይ ሙቀጫ አስቀመጠችበት።

እኔ ሚስተር አልደን ወደ ባሕር እስኪወርድ ጠብቄ ሙቀጫውን ገፋሁ። ክዳኑን ከፍቼ የውሃውን ጥልቀት የምንለካበትን የቀርከሃ ዘንግ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ለወራት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ባለፈው ሳምንት ዘንጉ ከጫፉ ብቻ ነበር የሚረጥበው።

አሁን እስከ መያዣው ረጠበ።

ጉድጓዱ ስንጥቅ አለው፣ ወይ ምንጭ ነክቷል አልኩ ለራሴ። ነገ ግንበኛ እጠራለሁ። ዞር ስል ውሻችንን አየሁት። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ እሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆሟል። አይጮህም፣ አይገባም። ወለሉን ነው የሚያየው።

ክዳኑን መለስኩ፤ ሙቀጫውንም መለስኩ። ለምን እንደመለስኩት አትጠይቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ከታንቲ ጋር የዳቦ ፍሬ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ እየላጥን ነበር።

"እንደምን ዋላችሁ!"

የሚስተር አልደን ድምፅ ነው። ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም።

"እንደምን ዋላችሁ!"

ከእግራችን ሥር...

የታንቲ አፍ ተከፈተ። ልማድ ነው፣ ሳታስበው ነው። ዘልዬ አፏን በእጄ ያዝኩት።

በመስኮቱ አሳየኋት። ሚስተር አልደን ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ኮረብታውን እየወጣ ነው። ገና መንገዱ ወገብ ላይ ነው።

ታንቲ እጄን ቀስ ብላ አነሳችው።

"ሰውየው ጠዋት መልሶለታል..." አለች በሹክሹክታ። "ያ ነገር ድምፁን ተምሮታል።"

"ምንድን ነው?"

"አላውቅም። እናቴም አታውቅም ነበር። አትመልሱ ብቻ ነው የምትለን።"

የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁ። እንዲህ ስል አላፍርም። ሚስተር አልደን ሲገባ ክንዱን ይዤ ወደ ክፍሉ ገፋሁት።

"ሻንጣዎን ይሰብስቡ። ጀልባው እስኪመጣ ወደብ አጠገብ ያድራሉ።"

"ምን ተፈጠረ?"

"በኋላ። ታንቲ፣ አንቺም ተነሺ!"

"ባርኔጣዬን ላምጣ" አለች። ባርኔጣዋ ወጥ ቤት ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። አመንኳት። ሻንጣውን ልዘጋለት ክፍሉ ገባሁ።

ያኔ ነው የሰማሁት።

"ቤቶች!"

የሚስተር አልደን አይደለም። እሱ ፊቴ ቆሟል፣ ካልሲ ይዟል።

"ቤቶች! ዩላሊ... ለአንድ ረሃብተኛ ቦታ አለ?"

ይህን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ያ ሳቁ እንኳ አለበት።

ሮጥኩ። የወጥ ቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"ታንቲ! ክፈቺ! እንዳትመልሺ!"

"አውቃለሁ፣ ጆ።" ድምፅዋ ቅርብ ነው፣ ልክ ከበሩ ጀርባ። "እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ውጪ! በእናትሽ፣ ታንቲ..."

"አንድ ጊዜ ልስማው። ትንሽ ልስማው ብቻ።"

"ዩላሊ" አለ ከታች። "ፀሐዩ በረታብኝ እኮ። አጥር ላይ ልታስቀሪኝ ነው?"

ሚስተር አልደን በሩን በትከሻው መታው። አልተነቃነቀም። ደግሞ መታው።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ከዚያ ታንቲ ተናገረች። እንደ ልጃገረድ፣ እየሳቀች።

"እንደ ረሃብተኛው ነው!"

የድንጋዩ ሙቀጫ በወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማን። ክዳኑ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። የሚንቦጫረቅ ውሃ ጠበቅኩ፤ ጩኸት ጠበቅኩ። ምንም።

ክዳኑ ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚያ መቀርቀሪያው ተከፈተ።

ታንቲ ወጣች። ባርኔጣዋን አድርጋለች። ቀሚሷ ከላይ ደረቅ ነው፤ ጫፉ ግን ውሃ ያንጠባጥባል። የባሕር ሽታ ከኋላዋ መጣ። ፊቷ ፊቷ ነው። ምንም የተለወጠ ነገር አላየሁበትም።

"እንደምን ዋሉ፣ ታንቲ" አለ ሚስተር አልደን።

አልመለሰችለትም።

በመካከላችን አለፈች። ትከሻዬን ነክታኝ አለፈች። ዞር ብላም አላየችኝም። ውሻው ደረጃው ላይ ነበር፤ ስትመጣ በሆዱ እየተሳበ መኪናው ሥር ገባ።

"ታንቲ" አልኳት። "ታንቲ፣ ደህና ነሽ?"

ክፍት የነበረውን የፊት ለፊት በር እጀታ ያዘች።

ያኔ ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር፣ ቀስ ተብሎ ክዳኑ ተንኳኳ።

"ጆ... እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ? ቤቶች... ማንም የለም?"

የታንቲ ድምፅ ነው።

ሚስተር አልደን እጄን ጨመቀኝ። ሁለታችንም አልመለስንም።

በሩ ላይ ያለችው ሴት ወደ ፀሐዩ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።