ከዘንጉ ሥር የነበሩ እጆች

አሰልጣኙ መርማሪውን የሰደበው ከአራት ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የክለቡ ዕቃ ቤት ተሰብሮ ሊመረምር በሄደበት፣ አሥራ አንድ ስፖርተኞች ቆመው እየሰሙ፣ «ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ነው የላኩልን? ይሄ እንኳን ሌባ፣ የሚሄድበትን አውቶቡስም በሰዓቱ አይዝም!» አለ። አሥራ አንዱም ሳቁ። አብሮት የሄደው ጸሐፊ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። መርማሪው ሌባውን በሦስተኛው ቀን ይዞ አቀረበ፤ ይህንን ማንም አላስታወሰለትም። «ሰባተኛ» የሚለው ቅጽል ስም ግን እስከ ጣቢያው ተከትሎት መጣ። የወጋ ይረሳል እንጂ የተወጋ መች ይረሳል።

ስለዚህ ያን ሰኞ ጠዋት ከዚያው ክለብ «ሰው ሞቷል» ተብሎ ሲደወል፣ መጀመሪያ ልቡ ውስጥ የገባው ለሟቹ ማዘን አልነበረም። «አሰልጣኙ እዚያ ነበር ይሆን?» የሚል ነበር። በኋላ በዚህ አፍሯል።

ሟቹ ጦር ወርዋሪ ነው፤ «ቀስቱ» ይሉታል። የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሰባት ወሩ ነው። በብረት ማንሻው አዳራሽ፣ በጠባቧ አግዳሚ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ የብረቱ ዘንግ ጉሮሮው ላይ ዐርፎ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ ያገኘችው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሐኪሙ ከሞተ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖታል አለ።

መርማሪው ተንበረከከ። ዘንጉ ከነክብደቱ ስልሳ ኪሎ ነው። በሁለቱም ጫፍ ክብደቶቹ እንዳይንሸራተቱ ማጥበቂያ ታስሮባቸዋል። በሟቹ ቀኝ ትከሻ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር እንደ ጣት ተዘርግቶ ተለጥፏል፤ ጫፎቹ በመቀስ ክብ ተደርገው ተቆርጠዋል፣ አንዲት የልብስ ክር አልያዙም። ሁሉንም ጻፈ። ጽፎም ገጹን ገለበጠ።

ከጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አሰልጣኙ፣ ወጌሻዋና ፌንጣ የሚሉት ሌላው ጦር ወርዋሪ። መጀመሪያ አሰልጣኙን ጠራ።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ጮኼበታለሁ። ድሮ መቶ ሠላሳ ኪሎ እንደ ትራስ ያነሣ የነበረ ሰውዬ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ባዶ ዘንግ ሲያይ ያልበዋል! ‹በሁለት ሳምንት ካልወረወርክ ቦታህን ለፌንጣ እሰጠዋለሁ› አልኩት። ይሄ ግድያ ነው?»

«ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየህ?»

«ግድግዳው።»

«እንግዲያው ግድግዳው መጥቶ እስኪመሰክር ጣቢያ ትቆያለህ።»

አሰልጣኙ በሁለት ፖሊሶች መካከል ሲወጣ የመርማሪው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ቀጥሎ የገባችው የተጎዱ ስፖርተኞችን አክማ ወደ ሜዳ የምትመልሰው የክለቡ ወጌሻ ናት። አምና ክሊኒክ ውስጥ የእሱንም ጉልበት አሽታ ያዳነችው እሷ ነበረች። እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ደብቃ ተቀመጠች።

«ዛሬ አላየሁትም ጋሼ። ትናንት ከሰዓት አሠራሁት፣ ገላውን ታጥቦ ሄደ።»

«የትከሻውን ፕላስተር መቼ ለጠፍሽለት?»

«ትናንት፣ ከልምምዱ በፊት።» ቀና ብላ አየችው። «ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው ልጄ። በርቺ።»

ሌላ አልጠየቃትም። በዚያ ሕንጻ ውስጥ እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

አሰልጣኙ ሁለት ቀን ታስሮ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ፌንጣ፣ ቀጭኑ ወጣት፣ ጣቢያ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ አሰልጣኙን ይልቀቁት። አፉ ነው እንጂ እጁ አይገድልም።»

«አንተስ? ቦታውን የምትወርሰው አንተ ነህ።»

«እኔ በዚያ ሰዓት ከአምስት ልጆች ጋር መንገድ ላይ እሮጥ ነበር፤ ይጠይቋቸው። ደግሞ ቀስቱ ብቻውን ዘንግ አይነካም። ትከሻዬ ይበጠሳል ብሎ ይፈራል። ከራስጌው የቆመ ሰው እጁን ከዘንጉ ሥር ካልዘረጋለት አይጀምርም። ‹እጅ አለ?› ይላል። ‹አለ› ካላሉት ዘንጉን ወደ ደረቱ አያወርድም።»

«አሰልጣኙ ይቆምለት ነበር?»

«እሱ? አንድ ቀን ‹ሞግዚት ቅጠር› ብሎት ከዚያ ወዲህ ቀስቱ አጠገቡ አያስደርሰውም። አንዳንዴ እኔ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ እሷ።»

ፌንጣ ሲወጣ መርማሪው የገለበጠውን ገጽ መልሶ ገለጠ። ፕላስተሩ እዚያው ተጽፎ ይጠብቀዋል፣ በራሱ እጅ። ጆሮው ድረስ ጋለ። ሰው ያሰረው በማስረጃ ሳይሆን በቂም ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በአዳራሹ፣ በአግዳሚዋ ዙሪያ ሰበሰባቸው። አሰልጣኙ ጢሙን ሳይላጭ፣ ቀበቶ የሌለው ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ከማጥበቂያዎቹ እንጀምር» አለ መርማሪው። «ብቻውን የሚያነሣ ሰው አያስራቸውም። አቅም ሲከዳው ዘንጉን አዘንብሎ ክብደቱን ወለል ላይ ይደፋዋል። የሚያስራቸው ከራስጌው ሰው ሲኖር ነው።»

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አለ አሰልጣኙ፤ አመሉ አልለቀቀውም።

«ትምህርቴን የጣልኩት ጭነት ልሸከም ነው። ብቻውን የሚሸከም ሰው ሸክሙን ከራሱ ጋር አያስርም። ሁለተኛ፣ ስልሳ ኪሎ። ክብደቱ አልበዛበትም፤ ትከሻው ድንገት ከዳው። ቀኙ ሲወድቅ ግራው ብቻውን አልቻለም። ከራስጌው የቆመ ሰው እጁን ቢዘረጋ ኖሮ በቀላሉ ይይዝለት ነበር። እንግዲህ ያ ሰው ሲጀመር ነበረ፤ ትከሻው ሲከዳው አልነበረም።»

መርማሪው የደብተሩን ገጽ ገለበጠ።

«ሦስተኛ፣ ፕላስተሩ። ታጥበውበት ያደሩበት ፕላስተር ጫፉ ይላጣል፣ የልብስ ክር ይለቅማል። ይሄ የዚያን ጠዋት ነው። በገዛ ትከሻው ጀርባ ላይ በራሱ እጅ እንዲህ የሚለጥፍ የለም። ስፖርተኞቹ እንደነገሩኝ አንተና ፌንጣ ፕላስተር የምትቆርጡት በጥርሳችሁ ነው። ልብስ እንዳይልጠው ብሎ ጫፉን በመቀስ ክብ የሚያደርግ እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው።»

ይህን ሲል ወደ እሷ አላየም። ማየት አቃተው።

«ከሦስት ሳምንት ወዲህ እጄ ዘንጉን ነክቶ አያውቅም» አለች ወጌሻዋ ቀስ ብላ። «ሁሉንም በራሱ ነበር የሚያነሣው። ብነግረው አያምነኝም። ያን ጠዋት ‹እጅ አለ?› አለኝ፤ ‹አለ› አልኩት። ከዚያ በእግሬ ጣት ወጣሁ። አሥር ጊዜ አንሥቶ ሲጨርስ በሩ ላይ ቆሜ ‹ብቻህን ነበርክ› ልለው። ደስ እንዲለው።»

«ከዚያስ?»

«የብረት ድምፅ ሰማሁ። ዘንጉን ቦታው ላይ መልሶ የሰቀለው መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ… ትንሽ ይረፍ ብዬ ቆየሁ። ስገባ አንገቱ ላይ ነበር። አነሣሁለት። ልቡን ጫንኩ፣ ጫንኩ… እምቢ አለኝ።»

«ዘንጉ ግን ጉሮሮው ላይ ነው የተገኘው።»

«ብቻውን የነበረ እንዲመስል መልሼ አስቀመጥኩት» አለች።

ፌንጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሰልጣኙ አግዳሚዋ ላይ ሊቀመጥ ዝቅ አለና፣ ምን ላይ እንደሆነ ትዝ ብሎት ደንግጦ ተነሣ። «ሞግዚት ቅጠር ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ብቆምለት ኖሮ…»

«አንተ ስትታሰር ዝም ያልኩትስ?» አለችው። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረች። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ጽፎልዎታል አይደል? ድምፁን እንደሰማሁ ብገባ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

የሐኪሙ ወረቀት በደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ከአንድም ሁለቴ አንብቦታል፤ መልሱን ያውቀዋል።

«ይንገሩኝ እንጂ። እርስዎ አይዋሹኝም።»

መርማሪው ደብተሩን ከደነ፣ በር ላይ ለቆሙት ፖሊሶች ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጣቸው፣ ወጣ። እግረ መንገዱን ሳይፈልግ እርምጃውን ቆጠረ። ከአግዳሚዋ እሷ ያን ጠዋት እስከቆመችበት ኮሪደር ዘጠኝ እርምጃ ነው። ከኋላው «ጋሼ!» ስትል ሰማ፤ ዘወር ሳይል ሄደ።